የሙቅ ውኃ ቦይለር የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ፤ አመራረጡ፣ አተካከሉና አያያዙ

መግቢያ

ወተት የሚሰበስቡና የሚያቀነባብሩ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሥራቸውን ያለ ሙቅ ውኃ ማከናወን አይችሉም። ወተትን በ63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ፣ ወይም በ72 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ አሙቆ ከጎጂ ሕዋሳት ማጽዳት የሚቻለው በቂ ሙቅ ውኃ ሲኖር ነው። የወተት መያዣ ዕቃዎችን፣ ቧንቧዎችንና ማቀዝቀዣ ገንዳዎችን ለማጠብም እንዲሁ። በዚህ ምክንያት በብዙ ማኅበራት ግቢ ውስጥ በኤሌክትሪክ፣ በናፍጣ ወይም በማገዶ የሚሠራ የሙቅ ውኃ ቦይለር ይገኛል።

ማኅበራት ቦይለር ሲገዙ በአብዛኛው የሚጠይቁት ስለ ዋጋው፣ ስለሚያሞቀው ውኃ መጠንና ስለሚፈጀው ነዳጅ ነው። ከቦይለሩ አናት ወይም ጎን ላይ ስለተተከለችው፣ በተለምዶ ሴፍቲ ቫልቭ ስለምትባለው አነስተኛ ዕቃ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ሌሎች መቆጣጠሪያዎች በሙሉ ሥራቸውን ባቆሙ ጊዜ በሠራተኛውና በአደጋው መካከል የምትቀረው ይህችው ቫልቭ ብቻ ናት። በዚህ ጽሑፍ የኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የማኅበራት የሥራ ኃላፊዎች ቫልቩን እንዴት እንደሚመርጡ፣ እንዴት እንደሚያስተክሉና እንዴት እንደሚፈትሹ እንገልጻለን። ጽሑፉ የሚመለከተው ሙቅ ውኃ የሚያመነጩ ቦይለሮችን ብቻ ነው። እንፋሎት የሚያመነጩ ቦይለሮች የራሳቸው ሕግና የሠለጠነ ኦፕሬተር ያስፈልጋቸዋል።

1. በተዘጋ ቦይለር ውስጥ ምን ይሆናል?

ውኃ ሲሞቅ ይሰፋል። ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ 80 ዲግሪ ሲደርስ ይዞታው በመቶ 2.7 ያህል ይጨምራል። 1000 ሊትር የሚይዝ ቦይለር በዚህ መጠን ሲሞቅ 27 ሊትር ገደማ ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል ማለት ነው። ውኃ እንደ አየር በቀላሉ የሚታመቅ ነገር ባለመሆኑ፣ ይህ ትርፍ ውኃ መሄጃ ካጣ በቦይለሩ ውስጥ ያለው ግፊት በፍጥነት ይወጣል። ለዚህ ተብሎ የሚተከለው የመስፋፊያ ታንክ ትርፉን ውኃ ተቀብሎ ግፊቱን ያረጋጋል። ታንኩ ከሌለ ወይም ከተበላሸ ግን ግፊቱን የሚያቀልለው የማስተንፈሻው ቫልቭ ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛውና ከዚህ የከፋው ነገር የውኃው ያለ ልክ መሞቅ ነው። ሆለታን ለምሳሌ ብንወስድ፣ ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው ክዳን በሌለው ድስት ውስጥ ያለ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በተዘጋ ቦይለር ውስጥ ግን ግፊት ስላለ ውኃው 100 ዲግሪን አልፎ 120 ዲግሪ ቢደርስም ሳይፈላ ፈሳሽ እንደሆነ ይቆያል። ከውጭ ለሚያይ ሰው ምንም የተለየ ነገር የለም፤ ድምፅ የለም፣ እንፋሎትም አይታይም።

ቦይለሩ በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ ቢቀደድ ግፊቱ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። 500 ሊትር የሚይዝ ቦይለር ከሆነ ከውኃው ውስጥ ወደ 24 ኪሎ ግራም የሚሆነው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል። ይህም እንፋሎት በሆለታ ከፍታ ላይ ከ50 ሜትር ኩብ በላይ ቦታ ይይዛል፤ 5 ሜትር ርዝመት፣ 4 ሜትር ስፋትና 2.5 ሜትር ቁመት ያለውን ክፍል ይሞላል ማለት ነው። ግድግዳ የሚያፈርሰውና ጣሪያ የሚያነሣው ይህ ድንገተኛ መስፋፋት ነው። ስለዚህ «የእኛ ቦይለር የሚያሞቀው ውኃ ነው እንጂ እንፋሎት አይደለም፤ አያሰጋም» የሚለው አነጋገር ፍጹም የተሳሳተ ነው።

2. ካለፉት አደጋዎች የሚገኝ ትምህርት

የማስተንፈሻ ቫልቭ አዲስ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው ዴኒ ፓፓን በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ አጥንት ለመቀቀል በሠራው የተዘጋ ድስት ላይ በክብደት የሚዘጋ ማስተንፈሻ አድርጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተገኘው ዕውቀት ብዙውን ጊዜ የተገዛው በሰው ሕይወት ነው።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 20 ቀን 1905 በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ ግዛት በብሮክተን ከተማ በአንድ የጫማ ፋብሪካ ውስጥ የነበረ አሮጌ ቦይለር ፈንድቶ 58 ሰዎች ሞተዋል። ከዚህ በኋላ ግዛቱ በ1907 የቦይለር ደንብ አወጣ፤ የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበርም የመጀመሪያውን የቦይለር አሠራር ደንብ ያዘጋጀው በ1914 ነው። በብሮክተን የፈነዳው ቦይለር ጉድለቱ ከዐይን በተሰወረ የብረት ስንጥቅ ላይ ነበር። ከዚህ የምንማረው፣ ቫልቩ ደህና ቢሆንም የዛገ ወይም የተሰነጠቀ ቦይለርን ሊያድን እንደማይችል ነው። ቫልቩ የሚጠብቀው ብረቱ በስም ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ግፊት መቻል እስከቻለ ድረስ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. ጥር 19 ቀን 1982 ደግሞ በኦክላሆማ ግዛት በስፔንሰር ከተማ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት አጠገብ የነበረ የውኃ ማሞቂያ ያለ ልክ ሞቆ ፈነዳ። ስድስት ሕፃናትና አንዲት መምህርት ሞቱ። ይህ የእንፋሎት ቦይለር አልነበረም፤ ለዕቃ ማጠቢያና ለእጅ መታጠቢያ ውኃ የሚያሞቅ ተራ ታንክ ነበር። በማኅበራት ግቢ ውስጥ ከሚገኙት ማሞቂያዎች ጋር ተመሳሳይነት ስላለው ትምህርቱ በቀጥታ ይመለከተናል።

3. ቫልቩ እንዴት ይሠራል?

የቫልቩ ዋና ክፍሎች አራት ናቸው። እነርሱም ውኃው የሚመጣበት አፍ፣ አፉን የሚደፍነው ክዳን፣ ክዳኑን ወደ ታች የሚጫነው ሞላና በእጅ ለመክፈት የሚያገለግለው ማንሻ ናቸው። የሞላው ጉልበት ከቦይለሩ ግፊት እስከበለጠ ድረስ ክዳኑ ተዘግቶ ይቆያል። ግፊቱ ከተወሰነው ልክ ሲደርስ ክዳኑ ይነሣና ውኃው ይወጣል፤ ግፊቱ ሲወርድም ሞላው መልሶ ይዘጋዋል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ የሚያዘውም ሰው አያስፈልገውም።

በሥራ ላይ የሚገኙት ሁለት ዐይነት ናቸው። አንደኛው በግፊት ብቻ የሚከፈተው ነው። ሁለተኛው በግፊትም በሙቀትም የሚከፈተው ሲሆን፣ ወደ ውኃው ውስጥ የሚዘልቅ ሙቀት ለኪ ዘንግ አለው፤ ብዙውን ጊዜ 99 ዲግሪ ገደማ ላይ ይከፈታል። ልዩነቱን ማወቅ ያስፈልጋል። የሞቀው ታንክ ከከተማው የውኃ መስመር ጋር ያለ ከልካይ የተገናኘ ከሆነ፣ የሚሰፋው ውኃ ወደ ኋላ ወደ መስመሩ ስለሚመለስ ግፊቱ ሳይጨምር ሙቀቱ ብቻ ሊወጣ ይችላል። በዚህ ጊዜ በግፊት ብቻ የሚሠራው ቫልቭ አይከፈትም። ስለዚህ ሙቅ ውኃ አጠራቅመው ለሚይዙ ታንኮች ሁለቱንም የሚቆጣጠረው ዐይነት መተከል አለበት። ዘንጉም በታንኩ ላይኛ ክፍል፣ በጣም ሞቃት በሆነው ውኃ ውስጥ መጥለቅ ይኖርበታል። ዘንጉን ቆርጦ መትከል ቫልቩን ግማሽ ዐይነ ስውር ማድረግ ነው።

4. አመራረጥ

ቫልቭ ሲገዛ በጥርሱ ውፍረት ብቻ መርጦ ማምጣት የተለመደ ስሕተት ነው። አንድ ዐይነት ጥርስ ያላቸው ሁለት ቫልቮች የሚከፈቱበት ግፊትም ሆነ የሚያስወጡት መጠን በጣም ሊለያይ ይችላል። በመሆኑም ወደ ገበያ ከመሄድ በፊት ከቦይለሩ የስም ሰሌዳ ላይ የሚከተሉትን መጻፍ ያስፈልጋል።

ሀ. ቦይለሩ የሚችለው ከፍተኛ ግፊት። ቫልቩ የሚከፈትበት ግፊት ከዚህ መብለጥ የለበትም። ሰሌዳው 4 ባር የሚል ከሆነ በ3 ባር የሚከፈት ቫልቭ ይስማማል፤ በ6 ባር የሚከፈተው ግን ቢሰጥም መወሰድ የለበትም።

ለ. የቦይለሩ የማሞቅ ኃይል በኪሎ ዋት። በቫልቩ ላይ የተጻፈው የማስወጣት አቅም ከቦይለሩ ኃይል ጋር እኩል ወይም የበለጠ መሆን አለበት። ለ100 ኪሎ ዋት ቦይለር የ50 ኪሎ ዋት ቫልቭ ቢተከል ይከፈታል፤ ነገር ግን ግፊቱ ከሚወጣው ይልቅ የሚገባው ይበልጣል።

ሐ. የሥራ ግፊት። በየቀኑ የምንሠራበት ግፊት ከቫልቩ መክፈቻ ግፊት በደንብ ዝቅ ያለ መሆን ይገባዋል። በ3 ባር ለሚከፈት ቫልቭ ከ1.5 እስከ 2 ባር ያለው የሥራ ግፊት ተስማሚ ነው። ሁለቱ ከተቀራረቡ ቫልቩ ዘወትር ያንጠባጥባል፣ አፉም በፍጥነት ይበላል።

መ. የቫልቩ ዐይነት። ለእንፋሎት፣ ለአየር መጭመቂያ ወይም ለጋዝ የተሠራ ቫልቭ ለሙቅ ውኃ አያገለግልም። የመክፈቻ ግፊቱና አቅሙ በሰሌዳው ወይም በአካሉ ላይ ያልተጻፈበት ቫልቭም መገዛት የለበትም።

በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ቦይለሮች ቢኖሩ እያንዳንዱ የራሱ ቫልቭ ሊኖረው ይገባል።

5. አተካከል

ቫልቩ በቀጥታ በቦይለሩ አካል ላይ ወይም እጅግ አጭር በሆነ ቧንቧ ላይ፣ ግንዱ ወደ ላይ ቀጥ ብሎ መተከል አለበት። በሚተከልበት ጊዜ ቁልፉ መያዝ ያለበት በጥርሱ አጠገብ ባለው ማዕዘናዊ ክፍል ላይ እንጂ በሞላው ቤት ላይ አይደለም።

በቦይለሩና በቫልቩ መካከል ሳራሲኔስካም ሆነ ሌላ መዝጊያ ፈጽሞ መግባት የለበትም። ለጥገና ያመቻል በሚል ሐሳብ የሚገባው መዝጊያ አንድ ቀን ተዘግቶ ይረሳል። ከቫልቩ በኋላ ባለው የማፍሰሻ ቧንቧ ላይም መዝጊያ አይደረግም።

የማፍሰሻው ቧንቧ ከቫልቩ መውጫ አፍ መጥበብ የለበትም። ርዝመቱም ሆነ ክርኑ በተቻለ መጠን ያነሰ፣ አወራረዱም ወደ ታች ያዘቀዘቀ ይሁን። ጫፉ ሰው በማይቆምበትና የሚፈሰው ውኃ በቀላሉ በሚታይበት ቦታ ከወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ማለቅ አለበት። 60 ዲግሪ የሞቀ ውኃ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ቆዳን ክፉኛ ስለሚያቃጥል፣ ቧንቧውን ወደ መተላለፊያ ማዞር አይገባም። በጫፉ ላይ ጥርስ እንዳይወጣ እንመክራለን፤ ጥርስ ያለው ቧንቧ ካለ ቡሽ የሚገጥምበት ሰው አይጠፋም።

እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ሌሊት ውርጭ በሚጥልባቸው ደጋማ ቦታዎች ወደ ውጭ የሚወጣው ቧንቧ ውኃ የሚያቁር ጎድጓዳ ሊኖረው አይገባም። የቆረው ውኃ በረዶ ሆኖ ቧንቧውን ከደፈነው ቫልቩ ቢከፈትም የሚያስወጣበት መንገድ የለውም።

6. ቫልቩ ሲያንጠባጥብ

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚያሻው ይህ ክፍል ነው። የሚያንጠባጥብ ቫልቭ ወለል ያረጥባል፣ ውኃና ነዳጅ ያባክናል፣ ሠራተኛውንም ያስለቅሳል። በመሆኑም ብዙ ጊዜ የሚወሰደው መፍትሔ ሞላውን ማጥበቅ፣ ማንሻውን በሽቦ ማሰር ወይም የማፍሰሻውን ጫፍ በቡሽ መድፈን ነው። ሦስቱም የሰውን ሕይወት ለአደጋ የሚያጋልጡ ድርጊቶች ናቸው። የቫልቩ ጠብታ በሽታ ሳይሆን የበሽታው ምልክት ስለሆነ ሠራተኛው የሚከተሉትን ሦስት ጥያቄዎች እየጠየቀ ምክንያቱን መፈለግ ይኖርበታል።

የመጀመሪያው፤ የሚያንጠባጥበው ቦይለሩ በሚሞቅበት ጊዜ ብቻ ነውን? እንዲህ ከሆነና የግፊት መለኪያው ከሙቀቱ ጋር አብሮ የሚወጣ ከሆነ፣ የሚሰፋው ውኃ መሄጃ አጥቷል። የመስፋፊያ ታንኩን እንመርምር። በታንኩ ላይ እንደ መኪና ጎማ ያለ የአየር መሙያ ጡት አለ። ጡቱ ሲጫኑት አየር ሳይሆን ውኃ ከወጣ በውስጡ ያለው የጎማ ፊኛ ተቀድዷል፤ ይለወጥ። ምንም ካልወጣ አየሩ አልቋልና ቦይለሩን አቀዝቅዞ፣ በታንኩ በኩል ያለውን የውኃ ግፊት ዜሮ አድርጎ መሙላት ያስፈልጋል። ወደ ቦይለሩ በሚገባው ቀዝቃዛ መስመር ላይ ውኃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ቫልቭ ተጨምሮ የመስፋፊያ ታንክ ግን ካልተተከለም ችግሩ ይኸው ነው።

ሁለተኛው፤ ቦይለሩ ቀዝቅዞ እያለም ያንጠባጥባልን? ያን ጊዜ የግፊት መለኪያውን እንመልከት። ግፊቱ ከመክፈቻው ልክ በጣም ዝቅ ያለ ከሆነ በቫልቩ አፍ ላይ ቆሻሻ ወይም የኖራ ዝቃጭ ተቀምጧል። ማንሻውን ለጥቂት ሴኮንዶች ከፍ አድርጎ በውኃው ማጠብ ብዙ ጊዜ ያጠራዋል፤ ካልጠራ ግን ቫልቩ መለወጥ አለበት። ግፊቱ ወደ መክፈቻው የተጠጋ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ከውኃ መስመሩ ነው። የከተማ መስመር ተጠቃሚው በሚቀንስበት በሌሊት ግፊቱ ስለሚጨምር፣ በማለዳ የረጠበ ወለል ማግኘት የዚህ ምልክት ሊሆን ይችላል። መፍትሔው በመግቢያው ላይ የግፊት መቀነሻ መትከል ነው።

ሦስተኛው፤ ውኃው በብዛት፣ በጣም እየፈላና ከእንፋሎት ጋር ይወጣልን? ይህ ጠብታ አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ነው። ቴርሞስታቱ ወይም ሌላው የሙቀት መቆጣጠሪያ ተበላሽቷልና በቁጥር 8 የተዘረዘረው እርምጃ ወዲያውኑ መወሰድ አለበት።

7. የኖራ ዝቃጭና ወርሃዊ ፍተሻ

ለረጅም ጊዜ ሳይነካ የኖረ ቫልቭ በዝገትና በዝቃጭ ተጣብቆ እንደ ድንጋይ ሊደርቅ ይችላል። የኖራ ድንጋይ በበዛባቸው እንደ መቀሌና ድሬዳዋ ባሉ አካባቢዎች ውኃው ጠጣር ስለሆነ ችግሩ ይበረታል። በሻይ ማፍያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ውኃ በቫልቩም ውስጥ ያንኑ እንደሚተው ማወቅ ይገባል።

አምራቹ በመመሪያው ላይ ሌላ ጊዜ ካልወሰነ በቀር ፍተሻው በወር አንድ ጊዜ ቢደረግ መልካም ነው። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው።

ሀ. በማፍሰሻው ጫፍ አጠገብ ማንም ሰው እንዳይቆም ይደረግ፤ ፈታሹ ጓንትና የዐይን መከላከያ ያድርግ።

ለ. የቦይለሩ ግፊት ቢያንስ ከመክፈቻው ግፊት ሦስት አራተኛ መድረሱን ይመልከት። በዝቅተኛ ግፊት የተከፈተ ቫልቭ ቆሻሻውን አጥቦ ማስወጣት ስለማይችል በኋላ በደንብ አይዘጋም።

ሐ. ማንሻውን ሙሉ በሙሉ አንሥቶ ለአምስት ሴኮንድ ያህል ያቆይ፤ ከዚያም በአንድ ጊዜ ይልቀቀው። ውኃው በኃይል መውጣትና ማንሻው ሲለቀቅ ወዲያው መቆም አለበት።

መ. ማንሻው አልነሣ ካለ፣ ወይም ተነሥቶ ውኃ ካልወጣ፣ ቦይለሩ ቆሞ ይቀዝቅዝ። አዲስ ቫልቭ ሳይተከል እንደገና መነሣት የለበትም። በመዶሻ እየመቱ ማላቀቅ ክልክል ነው።

ሠ. ቀኑ፣ የታየው ግፊት፣ የፈታሹ ስምና ውጤቱ በቦይለሩ መዝገብ ላይ ይጻፍ።

ከፍተሻ በኋላ ያረጀ ቫልቭ ላይዘጋ ስለሚችል፣ ማኅበሩ ልኩ የተመሳሰለ አንድ ተጠባባቂ ቫልቭ በመጋዘን እንዲያስቀምጥ እንመክራለን። ወተት በሚገባበት ሰዓት ቫልቭ ፍለጋ ከተማ መሄድ የሚያስከትለው ፈተና ይታወቃል፤ አሮጌውን በቡሽ ደፍኖ «ለዛሬ ብቻ» ማለት ነው።

8. መብራት ሲጠፋና ቦይለሩ ያለ ልክ ሲሞቅ

በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ቦይለር መብራት ሲጠፋ እሳቱም አብሮ ይጠፋል። በማገዶ፣ በከሰል ወይም በቡና ገለባ የሚሠራው ግን እንዲህ አይደለም። ውኃውን የሚያዞረው ፓምፕ ይቆማል፤ እሳቱ ግን መንደዱን ይቀጥላል። ሙቀቱ የሚወስደው ስለሌለ ውኃው በአጭር ጊዜ ውስጥ ከልክ በላይ ይሞቃል። ስለዚህ ማገዶ የሚነድባቸው ቦይለሮች ያሏቸው ማኅበራት ለቫልቩ ከሌሎቹ የበለጠ ጥንቃቄ ማድረግ አለባቸው። መብራት በጠፋ ጊዜ ማን ምን እንደሚሠራም አስቀድሞ መወሰን አለበት።

ቫልቩ በኃይል ማስወጣት ከጀመረ ሠራተኛው እንዲህ ያድርግ። ናፍጣውን ወይም ኤሌክትሪኩን ራቅ ካለው ማብሪያ ያጥፋ፤ የማገዶ ከሆነ ማገዶ መጨመር ያቁም፣ ወደ እሳቱ የሚገባውንም አየር ይዝጋ። በክፍሉ ያሉትን ሰዎች ያስወጣ። ቫልቩን ለመዝጋት አይሞክር፤ ሥራውን እየሠራ ነውና። በጋለው ቦይለር ላይም ሆነ ውኃው ባለቀበት ቦይለር ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ አይጨምር፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ፣ ውኃውም በቅጽበት እንፋሎት ሊሆን ይችላልና። ቦይለሩ በራሱ ጊዜ ከቀዘቀዘ በኋላ ባለሙያ ምክንያቱን ሳያገኝ እንደገና መነሣት የለበትም።

9. ስለ ደጋ አገር አንድ ማሳሰቢያ

«እኛ ያለነው ከፍታ ላይ ስለሆነ የቫልቩ ልክ ይለወጥ ይሆን?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። አይለወጥም። የግፊት መለኪያውም ሆነ ቫልቩ የሚሠሩት በውስጥ ባለው ግፊትና በውጭ ባለው አየር መካከል ባለው ልዩነት ስለሆነ፣ 3 ባር በድሬዳዋም በደብረ ብርሃንም ያው 3 ባር ነው። የሚለወጠው የመፍያው ሙቀት ነው። ውጭ የወጣ ውኃ በባሕር ዳር በ94፣ በደብረ ብርሃን ደግሞ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በመሆኑም በደጋ አገር ከቫልቩ የሚወጣው ውኃ በቀላሉ ወደ እንፋሎት ስለሚለወጥ የማፍሰሻው ቧንቧ ስፋትና አቅጣጫ ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል።

ማጠቃለያ

የኤክስቴንሽን ሠራተኛው ወደ ማኅበሩ በሚሄድበት ጊዜ ከወተቱ ጥራትና ከላሞቹ ጤንነት ጋር ቦይለር ቤቱንም ጎራ ብሎ ቢያይ ብዙ ጊዜ አይወስድበትም። ማየት የሚገባው አምስት ነገር ነው፤ ቫልቩ መኖሩን፣ ልኩ ከስም ሰሌዳው ጋር መስማማቱን፣ በመካከል መዝጊያ አለመግባቱን፣ የማፍሰሻው ጫፍ ክፍት መሆኑንና በመዝገቡ ላይ ያለፈው ወር ፍተሻ መጻፉን። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ለማኅበሩ ሊቀመንበር በጽሑፍ ያሳውቅ።

ማኅበሩም በበኩሉ ለቦይለሩ ኃላፊ የሆነ አንድ ሰውና የእርሱን ተተኪ በስም መመደብ፣ ለቫልቭና ለመስፋፊያ ታንክ መለወጫ የሚሆን ገንዘብ በዓመት በጀቱ ውስጥ መያዝ፣ ሠራተኛውም ቦይለሩ አሰግቶት ሥራ ሲያቆም የዕለቱ ወተት ቢበላሽ እንኳ እንደማይጠየቅ በግልጽ መወሰን አለበት። ይህ የመጨረሻው ውሳኔ ካልተደረገ የቀሩት መመሪያዎች ሁሉ በወረቀት ላይ ይቀራሉ፤ ሠራተኛው ተቆጪ ፈርቶ እሳቱን ሳያጠፋ ይቆያልና። የአንድ ቀን ወተት ይተካል፤ የሰው ሕይወት ግን አይተካም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት፣ ቫልቩን ዛሬ በእጅ አንሥቶ መፈተሽ ነገ ከሚመጣው አደጋ ይሻላል።